የሜዳው በርና የአባልነት ቁጥር
የፊላዴልፊያ ጎልፍ ማኅበርና መሰሎቹ ከ1897 ወዲህ የተጓዙበት መንገድ

ሰዎች በአንድ ሙያም ሆነ በአንድ ጨዋታ ዙሪያ ተሰባስበው ማኅበር ሲመሠርቱ ሁለት ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ስብሰባ አንሥቶ ይከተሏቸዋል። አንደኛው «ማኅበሩ ለአባሉ ምን ይሰጣል?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «አባል መሆን የሚችለው ማን ነው?» የሚል ነው። አብዛኞቹ ማኅበራት የመጀመሪያውን ጥያቄ በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ ዘርዝረው ይመልሱታል። ሁለተኛውን ግን ብዙውን ጊዜ የሚመልሱት በጽሑፍ ሳይሆን በልማድ፣ በዝምታ፣ አንዳንዴም በተዘጋ በር ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች እንዴት እንደሚተሳሰሩ በግልጽ ከሚታይባቸው ታሪኮች አንዱ በዩናይትድ ስቴትስ የጎልፍ ክበቦች ያቋቋሟቸው አካባቢያዊ ማኅበራት ታሪክ ነው። ጨዋታው ቀላል ይመስላል። ተጫዋቹ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመታ በሰፊ መስክ ላይ ተራ በተራ ወደ 18 ጉድጓዶች ያስገባል፤ ባነሰ ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ነገር ግን ጨዋታው በየክበቡ አጥር ውስጥ የሚካሄድ በመሆኑ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው ዱላና ኳስ ቢኖረው እንኳ የሚጫወትበት መስክ፣ ችሎታውን የሚመዘግብለት አካልና የሚወዳደርበት መድረክ አያገኝም ነበር። ቀጥሎ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጠብ የተወለደ ማኅበር

ጎልፍ በጽሑፍ የሰፈረ ሕግ ያገኘው በስኮትላንድ ነው። በ1744 የኤዲንብራ ተጫዋቾች በሊዝ መስክ ለሚያደርጉት ውድድር 13 አንቀጾች አወጡ። በ1754 የሴንት አንድሩስ ተጫዋቾች ማኅበራቸውን መሠረቱ፤ በ1764 መስካቸውን እንደገና ሲያደራጁም የአንድ ዙር ጉድጓዶች ቁጥር 18 ሆነ። ጨዋታው አትላንቲክን ተሻግሮ በአሜሪካ ሥር የሰደደው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1888 ጆን ሪድ የተባለ ስኮትላንዳዊ ከወዳጆቹ ጋር በኒው ዮርክ አጠገብ በዮንከርስ አንድ ክበብ አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ክበቦች በምሥራቅ ጠረፍና በቺካጎ አካባቢ እየተበራከቱ ሄዱ።

ክበቦቹ ሲበዙ ጠብም አብሮ መጣ። በ1894 ሁለት ክበቦች፣ በመስከረም የኒውፖርት፣ በጥቅምት ደግሞ የዮንከርሱ፣ እያንዳንዳቸው «የአገሪቱን የአማተር ሻምፒዮን እንለያለን» ብለው ውድድር አዘጋጁ። የቺካጎው ቻርልስ ብሌር ማክዶናልድ በሁለቱም ተወዳድሮ በሁለቱም ለጥቂት ተሸነፈ፤ በሁለቱም ጊዜ ውጤቱን አልቀበልም አለ። በመጀመሪያው የአጨዋወቱን ዓይነትና ኳሱን የያዘበትን የድንጋይ ካብ ወቀሰ። በሁለተኛው ደግሞ አንድ ክበብ ብቻውን የአገር ሻምፒዮና የማካሄድ ሥልጣን የለውም ሲል ተከራከረ። የተሸናፊ ሰው ምሬት ቢሆንም ክርክሩ መሠረት አልነበረውም ለማለት አይቻልም። በእርግጥም የአንዱ ክበብ ዳኛ በሌላው ክበብ ላይ ምን ሥልጣን ነበረው?

በዚህ ምክንያት በታኅሣሥ 22 ቀን 1894 የአምስት ክበቦች ተወካዮች በኒው ዮርክ ተሰብስበው የዩናይትድ ስቴትስ ጎልፍ ማኅበርን አቋቋሙ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሃቭማየር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በኒውፖርት የተካሄደውን የመጀመሪያውን ሕጋዊ የአማተር ሻምፒዮና ያሸነፈው ያው ማክዶናልድ ሆነ፤ በዚህኛው ውጤት ላይ አቤቱታ አላቀረበም።

የአካባቢ ማኅበራት መነሣት

ብሔራዊው ማኅበር ቢቋቋምም የየክበቡን የዕለት ተዕለት ችግር ሊፈታ አልቻለም። ከዚህም በላይ በማኅበሩ ውስጥ ሙሉ ድምፅ የነበራቸው ክበቦች ጥቂት ነበሩ። የቀሩት መዋጮ እየከፈሉ ውሳኔውን ከሩቅ ይሰሙ ነበር። በመሆኑም በየአካባቢው ያሉ ክበቦች በእጃቸው ሊደርሱበት የሚችሉትን ማኅበር መፈለጋቸው የማይቀር ሆነ።

በ1897 መጀመሪያ ላይ በፊላዴልፊያና በዙሪያዋ የሚገኙ አራት ክበቦች የፊላዴልፊያ ጎልፍ ማኅበርን መሠረቱ። በአገሪቱ ከተቋቋሙት አካባቢያዊና የግዛት የጎልፍ ማኅበራት ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው። በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ አካባቢ ክበቦች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በ1899 ደግሞ የምዕራቡ ማኅበር በቺካጎ፣ የሰሜን ምዕራቡ ማኅበር በፓሲፊክ ጠረፍ ተከተሉ። የምዕራቡ ማኅበር በምሥራቆቹ የበላይነት ስላልተደሰተ በተቋቋመበት ዓመት የራሱን ክፍት ሻምፒዮና እስከ መጀመር ደርሷል።

እነዚህ ማኅበራት ለአባል ክበቦቻቸው የሰጡት አገልግሎት መጀመሪያ ላይ መጠነኛ ነበር። ውድድሮች በአንድ ቀን እንዳይገጣጠሙ የዓመቱን መርሐ ግብር ያወጣሉ። የአንዱ ክበብ ቡድን ከሌላው የሚጋጠምበትን ሥርዓት ያበጃሉ። ሕጉ ሲያከራክር ይተረጉማሉ። የመጀመሪያዎቹ አባላት ከመዋጯቸው ያገኙት ትልቁ ጥቅም ይህ ነበር፤ ከቤታቸው ያልወጣ ዳኛ አገኙ።

ከጊዜ በኋላ አገልግሎቱ ወደ መሬቱ ወረደ። ከስኮትላንድ ባሕር ዳር የመጣው ጨዋታ የፔንሲልቫኒያን ሸክላ አፈርና የበጋ ሙቀት አያውቅም ነበር፤ ሣሩ ይደርቃል፣ ወይም በበሽታ ይመታል። በፊላዴልፊያ የሚገኘው የሜሪዮን ክበብ አዲስ ሜዳ ለማሠራት ሲነሣ ሥራውን የመራው የኢንሹራንስ ሰው የነበረው ሂው ዊልሰን ነው። ዊልሰን ከ1911 ጀምሮ በአገሪቱ የግብርና ሚኒስቴር ይሠሩ ከነበሩት ከቻርልስ ፓይፐርና ከራስል ኦክሊ ጋር ስለ ዘር፣ ስለ አፈርና ስለ ማዳበሪያ ደብዳቤ ሲጻጻፍ ቆየ። ሜዳው በ1912 ተከፈተ፤ የደብዳቤ ልውውጡ ግን ለዓመታት ቀጠለ። በ1920 ብሔራዊው ማኅበር የሣር ጥናት ክፍል ሲያቋቁም ሊቀ መንበር ሆኖ የተመረጠው ፓይፐር ነበር። አንድ ክበብ ለራሱ የጀመረው ጥያቄ በማኅበር አማካይነት የሁሉም ክበቦች ዕውቀት ሆነ።

ሰውን ከሰው የሚያስተካክል ቁጥር

ከአገልግሎቶቹ ሁሉ ዘልቆ የሄደው ግን ሃንዲካፕ የሚባለው ቁጥር ነው። በአብዛኞቹ ስፖርቶች ጀማሪ ከባለ ልምድ ጋር ቢጋጠም ውጤቱ አስቀድሞ ይታወቃል። በጎልፍ ግን ደካማው ተጫዋች በችሎታው መጠን ምት ይታሰብለታል፤ ስለዚህ ልጅ ከአባቱ፣ ጀማሪ ከሻምፒዮን ጋር በእኩል ተስፋ ሊጫወት ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ቁጥሩ ሲታመን ብቻ ነው። አንዱ ክበብ ለአባሎቹ ለጋስ፣ ሌላው ደግሞ ንፉግ ከሆነ፣ ሁለቱ ሲጋጠሙ ፍትሕ የለም።

ይህን ችግር በስፋት ቀድመው የፈቱት ሴቶች ናቸው። በ1893 በብሪታንያ የተቋቋመው የሴቶች ጎልፍ ኅብረት በጸሐፊው በኢሴት ፒርሰን ብርቱ እጅ በየክበቡ አንድ ዓይነት የሃንዲካፕ ሥርዓት አስፋፋ። ወንዶቹ በየክበባቸው የየራሳቸውን ግምት ይዘው ሳለ ሴቶቹ በአንድ ሚዛን ይለኩ ነበር።

በአሜሪካ ደግሞ የኒው ጀርሲው ሌይተን ካልኪንስ በተጫዋቹ ምርጥ ሦስት ውጤቶች አማካይ ላይ የተመሠረተ ዘዴ አቀረበ። የአካባቢ ማኅበራት ከሞከሩት በኋላ ብሔራዊው ማኅበር በ1911 ይህን ተከትሎ አንድ ወጥ ሥርዓት አወጣ። የየሜዳውን ደረጃ ለመወሰንም «የአማተሩ ሻምፒዮን ጄሮም ትራቨርስ በዚህ ሜዳ ቢጫወት በስንት ምት ይጨርሰው ነበር?» ብለው ይጠይቁ ነበር። የአንድ ሰው ችሎታ የአገር መለኪያ ሆነ ማለት ነው።

ዘዴው ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ለጎበዙ ቀላል የሆነ ሜዳ ለደካማው እጅግ ከባድ ሊሆን ይችላል። ዲን ክኑዝ የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ይህን ልዩነት በቁጥር የሚገልጽ ስሌት ማዘጋጀት ጀመረ። የኮሎራዶ ጎልፍ ማኅበር በ1980ዎቹ መጀመሪያ የግዛቱን ሜዳዎች በዚሁ ዘዴ አስመዝኖ በተግባር ሞከረው፤ ከ1987 ጀምሮም በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። በዚህ ስሌት መሠረት የሜዳው የክብደት መጠን ከ55 እስከ 155 ባለው ቁጥር ይገለጻል፤ መካከለኛው 113 ነው። ለምሳሌ ደረጃው 71፣ የክብደት መጠኑ 126 በሆነ ሜዳ ላይ በ92 ምት የጨረሰ ሰው ልዩነቱ 21 ነው። ይህ በ113 ተባዝቶ ለ126 ሲካፈል 18.8 ይሆናል። በ2020 ሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ከመጨረሻዎቹ 20 ዙሮች መካከል የተሻሉት 8 ልዩነቶች አማካይ የሰውየውን ቁጥር ይወስናል።

ሜዳዎቹን የሚለኩት የየአካባቢው ማኅበር ያሠለጠናቸው ሰዎች ናቸው። ርቀቱን፣ አሸዋውን፣ ውኃውን፣ የዛፉን ጥጋት እየመረመሩ ይመዘግባሉ። ስማቸው በዋንጫ ላይ አይቀረጽም፤ ነገር ግን እነርሱ ባይኖሩ በሁለት ከተሞች የሚኖሩ ሁለት እንግዶች ተማምነው ሊጫወቱ ባልቻሉ ነበር።

የዱላ ተሸካሚው ልጅ

በክበቡ አጥር ውስጥ ይገቡ ከነበሩት መካከል አባላት ያልሆኑም ነበሩ። ካዲ የሚባሉት ዱላ ተሸካሚ ልጆች የአባላቱን ከረጢት ተሸክመው ሜዳውን ሲዞሩ ይውላሉ። የቺካጎው ቻርልስ ኢቫንስ ከእነዚህ ልጆች አንዱ ነበር። ኢቫንስ በ1916 የአገሪቱን ክፍት ሻምፒዮናና የአማተር ሻምፒዮና በአንድ ዓመት በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዝናው ገንዘብ ሲመጣለት ግን ገንዘቡን ቢቀበል አማተርነቱን ያጣ ነበር። እናቱም ገንዘቡ ትምህርት መቀጠል ላልቻሉ ካዲዎች መማሪያ እንዲውል መከረችው፤ እርሱ ራሱ ኮሌጁን ሳይጨርስ የወጣ ሰው ነበርና ምክሩ ልቡን ነካው።

የምዕራቡ ጎልፍ ማኅበር ሐሳቡን ወዲያው አልተቀበለውም። በኋላ ግን ኃላፊነቱን ወስዶ በ1930 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ተማሪዎች ወደ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ላከ። ከዚያ ወዲህ ከ10,000 የሚበልጡ ወጣቶች በዚህ የነፃ ትምህርት ዕድል ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተመርቀዋል። ውድድር ለማዘጋጀት የተቋቋመ ማኅበር የሌሎችን ዱላ ይሸከም ለነበረ ልጅ መማሪያ ሰጠ፤ ከዋንጫዎቹ ሁሉ ይልቅ ስሙን ያስጠራውም ይኸው ነው።

የተዘጋው በር

ይህ ሁሉ አገልግሎት ግን የሚገኘው በክበብ አማካይነት ነበር። የማኅበሩ አባል ሰው ሳይሆን ክበብ ነው፤ ሰው ወደ ማኅበሩ የሚደርሰው ክበብ ሲቀበለው ብቻ ነበር። ቁጥሩም፣ ወደ አማተር ሻምፒዮና መግቢያውም በዚያው በር ያልፋል። ስለዚህ ክበቡ ፊቱን ያዞረበት ሰው በአንድ እርምጃ ሜዳውን፣ ሚዛኑንና መድረኩን ያጣ ነበር። ከሁሉ በላይ ይህ የደረሰው በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሌላ መንገድም ሊኖር ይችል እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በ1896 በሺነኮክ ሂልስ በተካሄደው ክፍት ሻምፒዮና ጆን ሺፐን የተባለ ጥቁር ወጣትና ኦስካር በን የተባለ የሺነኮክ ነባር ጎሣ ተወላጅ ተመዘገቡ። አንዳንድ ተወዳዳሪዎች ከእነርሱ ጋር አንጫወትም ብለው ሲያምፁ፣ ፕሬዚዳንቱ ሃቭማየር ሁለቱ ብቻ ቢቀሩም ውድድሩ ይካሄዳል ብሎ እንደ መለሰላቸው ይነገራል። ሁሉም ተጫወቱ። ሺፐን የመጀመሪያውን ዙር በ78 ምት ጨርሶ ከመሪዎቹ ጋር እኩል ሆነ፤ በሁለተኛው ዙር በ13ኛው ጉድጓድ ላይ 11 ምት በመፍጀቱ ነው ድሉ ያመለጠው።

ያ የተከፈተ በር ሳይቆይ ተዘጋ። በ1916 የተቋቋመው የባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር በ1934 በደንቡ ውስጥ አባልነትን ለነጮች ብቻ የሚፈቅድ አንቀጽ አስገባ። ከዚህ በፊት በልማድ ይሠራ የነበረው አድልዎ በጽሑፍ የሰፈረ ሕግ ሆነ።

የፊላዴልፊያ ታሪክ በዚህ ረገድ ሁለት ገጽ አለው። የከተማዋ ጎልፍ ማኅበር የክበብ አባል ላልሆነው ሕዝብ የሚሆን ሜዳ እንዲሠራ አስተዳደሩን ሲወተውት ቆይቶ በ1916 የኮብስ ክሪክ የሕዝብ ሜዳ ተከፈተ። ንድፉን ያወጡት ያው ሂው ዊልሰንና ባልደረቦቹ ነበሩ፤ ለባለጠጋው ክበብ የዋለው ዕውቀት ለሕዝብም ዋለ። ሜዳውም ለጥቁር ተጫዋቾች አልተዘጋም። ሆኖም በ1928 በዚሁ ሜዳ የአገሪቱ የሕዝብ ሜዳ ተጫዋቾች ሻምፒዮና ሲካሄድ፣ ሮበርት ቦልና ኤልመር ስታውት የተባሉ ሁለት ጥቁር ተወዳዳሪዎች ሕግ ጥሳችኋል ተብለው ተሰረዙ። ጉዳዩን ወደ ከተማው ፍርድ ቤት ወስደው ተፈረደላቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን በውድድሩ መቀጠልን አልመረጡም።

የተገፉት የመሠረቱት ማኅበር

በር የተዘጋባቸው ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1921 በኒው ጀርሲ ሻዲ ሬስት የተባለው የጥቁሮች ክበብ ተቋቋመ፤ ጆን ሺፐንም በስተርጅናው ለረጅም ዓመታት በዚያ አገልግሏል። በ1920ዎቹ አጋማሽ ላይም ሮበርት ሃውኪንስ ከጓደኞቹ ጋር የተባበሩት ጎልፈኞች ማኅበርን አቋቋመ። ይህ ማኅበር በየከተማው የሚገኙትን የጥቁር ጎልፈኞች ክበቦች አስተባብሮ ዓመታዊ ብሔራዊ ሻምፒዮና አካሄደ። የሽልማቱ ገንዘብ ትንሽ፣ ሜዳዎቹም ብዙ ጊዜ ያልተደላደሉ ነበሩ፤ ሆኖም ሌሎቹ ማኅበራት የነፈጉትን አገልግሎት ሁሉ በአቅሙ ሰጠ። መርሐ ግብር አወጣ፣ ሻምፒዮን ለየ፣ ወጣቱን አሠለጠነ።

ሴቶቹም ቀዳሚ ነበሩ። በ1937 በዋሽንግተን የተቋቋመው የዌክ ሮቢን የሴቶች ክበብ ከወንዶቹ የሮያል ክበብ ጋር ሆኖ በፌዴራል መንግሥት ሥር ያሉት የሕዝብ ሜዳዎች ለሁሉም እንዲከፈቱ አቤቱታ አቀረበ። በ1939 ላንግስተን የተባለው ሜዳ ተከፈተላቸው። ለእነርሱ ተለይቶ በተሠራው ሜዳ ብቻ ሳይወሰኑ ወደ ሌሎቹም መግባትን ጠየቁ፤ በ1941 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ኢክስ የዋሽንግተን የሕዝብ ሜዳዎች ለሁሉም ክፍት መሆናቸውን አስታወቀ።

በ1948 ቢል ስፒለር፣ ቴድ ሮድስና ማዲሰን ጋንተር በካሊፎርኒያ በሪችመንድ ከተካሄደ ውድድር በመታገዳቸው የባለሙያዎቹን ማኅበር ከሰሱ። ማኅበሩ አድልዎ እንደማይፈጽም ቃል ስለ ገባ ክሱ ተነሣ። ነገር ግን ውድድሮቹ «በግብዣ ብቻ» ተብለው ስማቸው ተለወጠ፤ ግብዣው ደግሞ ለጥቁሮች አልደረሰም። ቃሉ ተጠበቀ፤ በሩ ግን እንደ ተዘጋ ቀረ። በ1955 የአትላንታው አልፍሬድ ሆልምስና ቤተሰቡ ባቀረቡት ክስ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በከተማ የሕዝብ ሜዳዎች ላይ የሚፈጸመውን የዘር መለየት ውድቅ አደረገ። የባለሙያዎቹ ማኅበር አንቀጽ ግን ገና በቦታው ነበር።

ይህን አንቀጽ በመጨረሻ ከናጡት ሰዎች አንዱ የኮብስ ክሪክ ልጅ ነው። ቻርሊ ሲፈርድ በ1922 በሰሜን ካሮላይና ተወለደ። ካዲ ሆኖ አደገ፤ በጉርምስናው ወደ ፊላዴልፊያ መጥቶ በዚያው የሕዝብ ሜዳ ላይ ጨዋታውን አጠነከረ። የተባበሩት ጎልፈኞችን ሻምፒዮና ስድስት ጊዜ አሸነፈ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ስታንሊ ሞስክ ባደረገው ግፊት ማኅበሩ በኅዳር 1961 አንቀጹን ሰረዘ። ሲፈርድ በ1967 በሃርትፎርድ ሲያሸንፍ 45 ዓመት ሆኖት ነበር። ዋንጫውን ቢያገኝም ጉልበቱ የጠነከረባቸው ዓመታት አልተመለሱለትም።

በሩ ሲከፈት የተባበሩት ጎልፈኞች ማኅበር ራሱ እየደከመ ሄደ። ምርጥ ተጫዋቾቹ ወደ ትልቁ መድረክ ተሻገሩ፤ ከ1970ዎቹ በኋላም የቀድሞ ኃይሉ አልተመለሰም። ዓላማውን የመታ ማኅበር ዕጣ አንዳንዴ እንዲህ ነው።

ከአንቀጹ በኋላ

የተጻፈው አንቀጽ ቢሰረዝም ያልተጻፈው ልማድ ቀረ። በ1990 የባለሙያዎች ሻምፒዮና በአላባማ በሾል ክሪክ ክበብ ሊካሄድ ሲል ክበቡ ጥቁር አባል እንደሌለው፣ ለመቀበልም እንደማይገደድ ከመሥራቹ አንደበት ተሰማ። ማስታወቂያ ሰጪዎች ራሳቸውን አገለሉ፤ ክበቡም ወዲያው አንድ ጥቁር አባል ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ታላላቆቹ ማኅበራት በአባልነት አድልዎ የሚያደርግ ክበብ ውድድራቸውን እንዳያስተናግድ ወሰኑ። አውጉስታ ናሽናል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሴቶች የተቀበለው በ2012 ሲሆን፣ የሴንት አንድሩሱ ጥንታዊ ክበብ ለሴቶች በሩን የከፈተው በ2014 ነው። ሴቶች አንድ ወጥ ሚዛን ካስፋፉ ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ ማለት ነው።

የክበብ ትርጉምም ሰፍቷል። ዛሬ በአሜሪካ የራሱ ሜዳ የሌለው፣ በሕዝብ ሜዳ ላይ የሚጫወቱ ጓደኞች የመሠረቱት ክበብም የአካባቢው ማኅበር አባል ሊሆን ይችላል። መጠነኛ መዋጮ የከፈለ ሰው ቁጥሩን ያገኛል፤ ውጤቱ ይመዘገብለታል፤ ውድድር ሊገባ ይችላል። በብዙ ግዛቶችም ተለያይተው የኖሩት የወንዶችና የሴቶች ማኅበራት ተዋሕደዋል።

ከዚህ ታሪክ ለማንኛውም የሙያ ማኅበር የሚሆን አንድ ነገር አለ። የጎልፍ ማኅበራት የሠሩት ሚዛን ስለ ሰው ቀለም፣ ጾታ ወይም ሀብት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በስንት ምት እንደ ጨረሰ ብቻ ነው። በደንባቸው የተጻፈው ፍትሕ ሙሉ ነበር፤ የጎደለው በሩ ላይ ነው። አገልግሎቱ ምንም ያህል ቢያምር ማን እንደሚደርሰው የሚወስነው የአባልነት አንቀጽ ነው። ጆን ሺፐን በ1896 ከመሪዎቹ ጋር እኩል መጫወት እንደሚችል በሜዳ ላይ አሳይቶ ነበር። ማኅበራቱ ያንን በወረቀት ለመቀበል 65 ዓመት ፈጀባቸው።